በባሕር ላይ የሰው መብት ማን ይጠብቀዋል?

እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ጣናን «ባሕር» ብለን ነው ያደግነው። በሕግ ዓይን ግን ጣና ባሕር አይደለም። ወደ ጎርጎራ በሚሄድ ጀልባ ላይ ወንጀል ቢፈጸም ፖሊሱም ዳኛውም የኢትዮጵያ ነው፤ የሚያከራክር የለም። የማንም አገር ባልሆነው ሰፊ ባሕር ላይ ሰው ቢበደልስ ለማን አቤት ይላል? ይህ የሕግ ተማሪዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከክልላችን፣ በተለይም ከወሎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው ኦቦክ ላይ ጀልባ የሚሳፈሩ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችም ጥያቄ ነው።

ሙስሊሙ አንባቢ ቀይ ባሕርን የሚያውቀው በሌላ ጉዞ ነው። ሰሃቦች የመካን ግፍ ሸሽተው በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ነጃሺ አገር ሲመጡ የተሳፈሩት በነጋዴ ጀልባ ነበር። ባለ ጀልባዎቹ ሒሳባቸውን ተቀብለው መንገደኞቹን በሰላም አደረሱ። ዛሬ መንገዱ ተገልብጧል። በኦገስት 2017 እ.ኤ.አ. በየመን ሸብዋ ጠረፍ አሻጋሪዎች ከ120 በላይ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ስደተኞችን፣ አብዛኞቹ ገና ልጆች፣ በጉልበት ወደ ባሕር ገፈተሯቸው። ምክንያታቸው ጠረፉ ላይ የመንግሥት ሰዎች ያዩ መስሏቸው ነበር ተባለ። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ሠራተኞች ብዙም ሳይቆይ አሸዋ ላይ በጥድፊያ የተቆፈሩ መቃብሮች አገኙ። እነዚያ አሻጋሪዎች ወዲያው ሌላ ሰው ለመጫን ተመለሱ መባሉ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል።

«ባሕር ሕግ የለውም» የሚል ካለ ተሳስቷል። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት በ98ኛው አንቀጽ፣ የመርከብ አዛዥ በባሕር ላይ ሊጠፋ የተቃረበ ማንኛውንም ሰው፣ መርከቡን ለከባድ አደጋ ሳያጋልጥ፣ እንዲረዳ ግዴታ ይጥላል። «ማንኛውንም ሰው» ነው የሚለው። ፓስፖርት አለህ ወይ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው አይልም። ጠረፍ ያለው አገርም ፍለጋና ነፍስ አድን አገልግሎት እንዲያቋቁም ያዛል።

መብቱ የሚከተለው ደግሞ ሰውየውን በእጁ የያዘውን መንግሥት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መርከቦች ከሊቢያ የተነሱ ስደተኞችን ባሕር ላይ ይዘው ወደ ትሪፖሊ መለሷቸው። ከመካከላቸው 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ስትራስቡርግ በሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጣሊያን ነገሩ የነፍስ ማዳን ሥራ እንጂ በግዛቴ የተፈጸመ አይደለም ብላ ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ ግን በ2012 ሰዎቹ በጣሊያን ወታደራዊ መርከብ ላይ በጣሊያን ቁጥጥር ሥር ነበሩና ኃላፊነቱ የጣሊያን ነው ብሎ ፈረደ። ጎረቤቶቻችን ናቸው ያሸነፉት።

በእኛ መንገድ ግን እንዲህ ያለ ችሎት የለም። ከኦቦክ በሌሊት የምትነሳው ጀልባ ባንዲራ የላትም፤ የምታርፍበት የመንም ከ2014 ወዲህ በጦርነት ታምሳለች። ባንዲራ የሌላትን ጀልባ የጦር መርከብ አስቁሞ መፈተሽ ይችላል፤ ግን ማን ደረሰባት? ስለዚህ በበኩሌ ሕጉ እጁን መዘርጋት የሚችለው በየብስ፣ ከደላላው ላይ ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ ዝምታ ይገጥመናል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊታጠቡ የመጡ አንድ አባት ልጃቸው ከሄደ ድምፁ እንደጠፋ አጫወቱኝ። ደላላውን ያውቁታል። ለምን አልከሰሱም አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሕገ ወጥ ነው የሄደው ብለው እኔንስ ቢያስሩኝ?»

ብዙ ቤት ያለው ፍርሃት ይኸው ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የ2000 እ.ኤ.አ. ፕሮቶኮል ግን ስደተኛው በመሻገሩ ብቻ በአሻጋሪነት ወንጀል እንዳይከሰስ በ5ኛው አንቀጽ ይከለክላል። የደረሰበት አገር ያለ ፈቃድ በመግባቱ ሊጠይቀው ይችል ይሆናል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በሰው የሚነግደውንና ድንበር የሚያሻግረውን ለመቅጣት የወጣ ነው። አሻጋሪን ለመክሰስ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ደግሞ ያለው ቤተሰብ ዘንድ ነው፦ የደላላው ስልክ፣ ገንዘብ የገባበት የባንክ ደረሰኝ፣ ልጁ መጨረሻ የደወለበት ቀንና ቦታ። ሽማግሌው ደረሰኙን እስካሁን አስቀምጠውታል። ወደ ዐቃቤ ሕግ ይዘነው እንሂድ ስላቸው፣ ከልጁ እናት ጋር ልምከር አሉኝ።