ትምህርት ዐሥራ አራት፦ የመሰናበቻ ኑዛዜ

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች ሆይ! «ኑዛዜ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ በመጀመሪያ ወደ ሐሳባችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? በሕመም አልጋ ላይ የተኙ አባወራ፣ በዙሪያቸው የተሰበሰቡ ልጆችና ለምስክርነት የተጠሩ ሽማግሌዎች እንደሚሆኑ አያጠራጥርም። ኑዛዜ ከባድ ነገር ነው፤ ቤትና ከብት፣ ገንዘብና አደራ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቃል ነው። በዚህ ትምህርት የምናጠናው ግን ይህንኑ የከበደ መልክ ለሳቅ የሚጠቀም የጽሑፍ ዓይነት ነው። ይኸውም ትምህርታቸውን ጨርሰው የሚሰናበቱ ተማሪዎች ጠባያቸውን፣ ልማዳቸውንና ጉድለታቸውን ለታናናሾቻቸው በቀልድ የሚያወርሱበት ጽሑፍ ነው።

ይህ ልማድ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና ከ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ጀምሮ በሰፊው የታወቀ ነው። ተመራቂዎች በመሰናበቻ በዓላቸው የክፍላቸውን ታሪክ፣ ስለ ወደ ፊት ዕድላቸው በቀልድ የተጻፈ «ትንቢት»ና «የክፍል ኑዛዜ» ያነቡ ነበር። ጽሑፎቹም በትምህርት ቤቱ የዓመት መጽሐፍ ላይ ይታተሙ ነበር።

የቀልድ ኑዛዜ ግን ከዚያ እጅግ የቆየ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ተጻፈ የሚገመት «የአሳማው ግልገል ኑዛዜ» የተባለ የላቲን ጽሑፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ420 የሞተው ሄሮኒሙስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ በዘመኑ የነበሩ የትምህርት ቤት ልጆች ይህን ጽሑፍ እየሳቁ ይደግሙት እንደ ነበር ጠቅሷል። በታሪኩ ውስጥ ወጥ ቤቱ ሊያርደው የያዘው ግልገል ጥቂት ጊዜ ለምኖ ይናዘዛል። ጠጉሩን ለጫማ ሰፊዎች፣ ጆሮውን ለደንቆሮዎች፣ ምላሱን ለነገረ ፈጆችና ለለፍላፊዎች፣ ፊኛውን ለልጆች ይተዋል። በፈረንሳይም ፍራንስዋ ቪዮን የተባለው ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ1456 እና በ1461 በኑዛዜ መልክ ሁለት የታወቁ ግጥሞች ጽፏል። በእነዚህ ውስጥ ፌዝና ኀዘን ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ለ. የቃሉ ትርጉምና የጽሑፉ መልክ

«ተናዘዘ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ኀጢአቱን ለነፍስ አባቱ ተናገረ ማለት ነው። ሁለተኛው ከሞተ በኋላ ንብረቱ ለማን እንደሚሆን ቃሉን ሰጠ ማለት ነው። በግዕዝም «ናዘዘ» አጽናና ማለት ነው። እንግዲህ ማጽናናት፣ ጥፋትን ማመንና ማውረስ ከአንድ የቃል ቤተ ሰብ ተገኝተዋል። ይህን ልብ በሉ። የመሰናበቻ ኑዛዜን በአማርኛ የሚጽፍ ተማሪ እያወረሰ ጥፋቱን ያምናል፤ ጥፋቱን እያመነም የሚቀሩትን ያጽናናል።

የኑዛዜው መልክ ከሕግ የተወሰደ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል፤ እነርሱም በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፣ ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜና የቃል ኑዛዜ ናቸው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በደንቡ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። በተናዛዡ እጅ የሚጻፈው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእርሱ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ሊሆን ይገባል። ቀልደኛው ጸሐፊ ይህን ሥርዓት አክብሮ ይይዛል፤ ሳቁ የሚመጣው የቁም ነገር መልክና የዋዛ ነገር በአንድነት ስለሚገናኙ ነው።

ሐ. ምንባብ

ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀውን የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

«እኛ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ አእምሯችን የተሟላ፣ ጤናችን የተጠበቀ፣ ኪሳችን ግን ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ማንም ሳያስገድደንና ማንም ሳያባብለን፣ ለፈተና ልናጠናበት በሚገባን ሰዓት ተቀምጠን ይህን የመጨረሻ ቃላችንን ሰጥተናል።

1ኛ. በመስኮቱ አጠገብ ያለውን የኋላ ወንበር ለዐሥራ አንደኛ ክፍል አውርሰናል። ከዚያ ተቀምጦ መንገዱን፣ ገበያውንና ተራራውን ማየት ይቻላል፤ ጥቁር ሰሌዳውን ማየት ግን አይቻልም። እኛ ይህን ያወቅነው ውጤት ሲነገረን ነውና ወራሹ በጊዜ ይወቀው።

2ኛ. ዘግይተን እየሮጥን የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ሲሰማ ባለንበት ደርቀን የመቆም ችሎታችንን ለዘጠነኛ ክፍል አውርሰናል። አንድ እግር አንሥቶ መቆም ልምምድ ይጠይቃልና ከወዲሁ ይጀምሩ።

3ኛ. በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ የሞቱ አንዲት አያት አሉን። ከትምህርት በቀረን ቁጥር ቀብረናቸዋል። እርሳቸው ግን እስከ ዛሬ በጤና አሉ፤ ትናንትም ቡና አፍልተውልናል። እኒህን አያት ለማንም አናወርስም፤ አርፈው ይኑሩ።

4ኛ. የጋራ መዝገበ ቃላታችንን ለዐሥረኛ ክፍል አውርሰናል። ከ‹ሀ› እስከ ‹መ› ያሉት ገጾች ተቀድደው ጠፍተዋል። ‹ሐሳብ› የሚለውን ቃል ፍቺ ሳናገኝ አራት ዓመት ሙሉ ድርሰት የጻፍነው በዚህ ምክንያት መሆኑ ይታወቅልን።

5ኛ. ሳይገባን ‹ገብቶናል› የማለት ልማዳችንን ለአንዱ ክፍል ልንተወው አስበን ነበር። ነገር ግን ከልማዶቻችን ሁሉ የጎዳን እርሱ ስለ ሆነ፣ ይዘነው ሄደን በመንገድ ልንጥለው ወስነናል።

6ኛ. በመካከላችን በአራት ዓመት ውስጥ እጁን ከሁለት ጊዜ በላይ ያላወጣ አንድ ጓደኛ አለን። የቀረብን ትምህርት ሁሉ በእርሱ ደብተር ላይ ነበር። ‹ለምን ቀረህ?› ብሎ ሳይጠይቅ ለሁላችንም ያውሰን ነበር። ደብተሩን ለትምህርት ቤቱ እንዲተውልን ብንጠይቀው እናቱ ሊያስቀምጡት እንደሚፈልጉ ነግሮናል። ደብተር የማዋስ ልማዱን ግን ለሁላችሁም እኩል አውርሰናል። ካለን ሀብት ሁሉ ወራሾቹ ቢበዙ የማያንስ እርሱ ብቻ ነው።

7ኛ. በድርሰቶቻችን ላይ የፈሰሰውን ቀይ ቀለም ልንተካ አንችልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያልሳትነውን ፊደል ሁሉ ለአማርኛ መምህራችን ትተናል።

ምስክሮች፦ 1ኛ ጥቁር ሰሌዳው፣ 2ኛ ደወሉ፣ 3ኛ የዘበኛው ካፖርት፣ 4ኛ የተሰበረው መስኮት።»

መ. ማብራሪያ

ምንባቡ ያሳቃችሁ ከሆነ ለምን እንዳሳቃችሁ መርምሩ።

በመጀመሪያ፣ ስጦታውና ተቀባዩ ይስማማሉ። አሳማው ምላሱን ለለፍላፊ፣ ጆሮውን መስማት ለተሳነው የተወው በዘፈቀደ አይደለም። በምንባባችንም ባለበት ደርቆ የመቆም ችሎታ የደረሰው ገና ብዙ ጠዋት መሮጥ ለሚቀራቸው ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። ተቀባዩን ሳያውቁ የተጻፈ ስጦታ አያስቅም።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊዎቹ በቅድሚያ የሳቁት በራሳቸው ነው። የውሸት ለቅሶ ያበዙት፣ መዝገበ ቃላት የቀደዱት፣ ሳይገባቸው ራሳቸውን የነቀነቁት እነርሱ ናቸው። ይህ የኑዛዜ አንደኛው ፍቺ ነው። ጥፋቱን ያመነ ሰው ሲቀልድ ሌላው አይቀየመውም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው በቀልድና በስላቅ መካከል ያለው ወሰን ነው። ከኑዛዜው ረቂቅ ውስጥ የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ነበር እንበል፦ «የእገሌን መንተባተብ ለዐሥረኛ ክፍል አውርሰናል።» ሲነበብ ብዙዎች ይስቁ ይሆናል። እርሱም የፈራ እንዳይመስል አብሮ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን በዓሉ ሲያልቅ ሌሎቹ ወረቀቱን ለማስታወሻ ሲያስቀምጡት፣ እርሱ አራት ዓመት የተማረበትን ክፍል በዚያ አንድ መስመር ያስታውሰዋል። የታተመ ቃል አይመለስም፤ ይቅርታ የሚጠይቁበት ቀንም አይገኝ ይሆናል፤ ተመራቂዎች በማግስቱ ይበተናሉና።

ወሰኑን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃችኋል፦ ይህ ሰው የምስቅበትን ነገር ራሱ መርጦት ያደርገዋልን? መዘግየት፣ ማንቀላፋት፣ መከራከር፣ እርሳስ ተውሶ አለመመለስ ሰው የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው፤ ቢፈልግ ይተዋቸዋል። የአካል ጉዳት፣ የአነጋገር ችግር፣ ድህነት፣ የትውልድ ቦታ ግን ማንም የመረጣቸው አይደሉም። ስለዚህ የተጠቀሰው ዐረፍተ ነገር መሰረዝ አለበት። ስለ ልጁ ከዚህ የተሻለ ነገር ካልተገኘ ጸሐፊው ልጁን አላወቀውም ማለት ነው። ጠጋ ብሎ ቢመለከት፣ «ጓደኛችን ቼዝ ሲጫወት ሁሉንም አሸንፎ ‹ዕድል ነው› የማለት ልማዱን ለሚሸነፉ ሁሉ አውርሰናል» ብሎ ለመጻፍ በቻለ ነበር። ይህም ያስቃል፤ ልጁም ወረቀቱን ለእናቱ ያሳያል።

ሠ. ሰዋስው

«ወረሰ» ተሳቢ የሚፈልግ ግሥ ነው፦ ልጁ ቤቱን ወረሰ። «አ» ሲጨመርበት ሰጪው አድራጊ ይሆናል፤ ተሳቢዎቹም ሁለት ይሆናሉ፦ አባት ልጁን ቤት አወረሰው። «ተ» ሲጨመርበት ግሡ ተደራጊ ይሆናል፦ ቤቱ ተወረሰ። ከዚሁ ግሥ ወራሽ፣ አውራሽና ውርስ የሚሉት ስሞች ይወጣሉ። «ርስት» የሚለውም ቃል መነሻው የግዕዙ «ወረሰ» ነው።

ኑዛዜ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ አደራም አለበት። አደራው የሚነገረው በሦስተኛ መደብ ትእዛዝ ነው፦ «ይወቀው»፣ «ይጀምሩ»፣ «ይኑሩ»። በተራ ነገር ላይ ይህን የከበደ ትእዛዝ መጠቀም ለቀልዱ መልክ ይሰጠዋል።

ረ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ሊወረሱ ያልተፈቀዱ ሁለት ነገሮች አሉ። ለይታችሁ አውጡና ምክንያታቸውን በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።

2. ስድስተኛው አንቀጽ ከሌሎቹ በምን ይለያል? በመጨረሻ ሳይሆን ከሰባተኛው በፊት መግባቱ ለጽሑፉ ምን ጠቀመው?

3. «ሰበረ»፣ «ለበሰ» እና «በላ» የሚሉትን ግሦች በ«አ» ወይም በ«አስ» እና በ«ተ» እያረባችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

4. ከሁለት ገጽ ያልበለጠ የመሰናበቻ ኑዛዜ ጻፉ። ቢያንስ ሦስት ስጦታዎች፣ አንድ አደራና አራት ምስክሮች ይኑሩት። ከስጦታዎቹ አንዱ የራሳችሁ ጉድለት ይሁን። ስለ አንድ ጓደኛ የጻፋችሁትን ለክፍሉ ከማንበባችሁ በፊት ለእርሱ ለብቻው አንብቡለት፤ ፊቱ ከጠቆረ ሰርዙት።

5. እናንተ ዛሬ ተናዛዦች ሳትሆኑ ወራሾች ናችሁ። ከበላያችሁ ካሉት ተማሪዎች ልትወርሱ የምትፈልጉትን አንድ ልማድና ልትቀበሉት የማትፈልጉትን ሌላ አንድ ልማድ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። የምትፈልጉትን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ውሰዱት፤ እንዲህ ያለውን ውርስ ለመቀበል የተናዛዡን መሄድ መጠበቅ አያስፈልግም።