ዓይነ ስውሩ ሕፃንና የገጠሩ ትምህርት ቤት



ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት ኃጢአት የሠራው ማን እንደ ሆነ ነበር (ዮሐ. 9)። ጌታችን እርሱም ወላጆቹም አለመሆናቸውን ቢነግራቸውም ጥያቄው ከመንደሮቻችን አልጠፋም። በዩኒቨርሲቲ አብረውን የሚማሩ ዓይነ ስውራን ወንድሞችና እኅቶች እንደሚያጫውቱን፣ አንዳንዱ የገጠር ወላጅ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ ያስገባል፤ ሌላው ደግሞ ከልቡ እያዘነ «ምን ሊማር?» ይላል።

ትምህርት ቤት የገባውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ግማሽ ትምህርት ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ይህ ሲደመር ይህ ስንት ይሆናል?» ሲል፣ ሌሎቹ ያያሉ፤ እርሱ የሚሰማው የጠመኔውን ድምፅ ብቻ ነው። የተጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ግን አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ነገሩ ሌላ ነው። የቃል ትምህርት በጆሮ የሚገባ ስለሆነ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ዜማውንም ቅኔውንም ከጓደኞቹ እኩል ሲያጠና ኖሯል፤ ወንበር ዘርግተው ብዙዎችን ያስተማሩ ዓይነ ስውራን የኔታዎችም ነበሩን። ከዚያም በፊት፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስ ዓይኑ የጠፋው በሕፃንነቱ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ሶዝሜኖስ እንደሚተርከው፣ ፊደል የለየው በሰሌዳ ላይ የተቀረጸውን በጣቱ እየዳሰሰ ነው።

ታዲያ ጆሮ ብቻውን አይበቃም። ሒሳብ ለመሥራትና የራስን ጽሑፍ መልሶ ለማንበብ ብሬል ያስፈልጋል። ሉዊ ብሬይል በ1829 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ጽሕፈት በስድስት ነጥቦች የተመሠረተ ነው። ልጁ ወረቀቱን በስሌት አጣብቆ በስታይለስ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይጽፋል፤ ገልብጦም ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው በየራሳቸው ምልክት ስለሚጻፉ፣ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። እንግዲህ በገጠር ይህን የሚያስተምር መምህርም፣ መጽሐፉም ይታጣል። እንደ ሰበታና ሻሸመኔ ያሉ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ብዙዎችን ለቁም ነገር አብቅተዋል፤ ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ያን ያህል መንገድ መሄዱ ቀላል አይደለም። እኛስ ብሬል የሚያውቅ መምህር ወደ ልጁ ወረዳ ቢሄድ ይሻላል እንላለን።

ለክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ፣ ከመስከረም ምዝገባ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ በአጥቢያችን መኖሩን ካህናቱን እንጠይቅ። የንስሐ አባት ወላጆቹን ቢያናግሩ ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ። ስሌትና ስታይለስ በማኅበራችን መዋጮ መግዛት ይቻላል። ከተማ የምንቀር ደግሞ መጻሕፍትን በስልካችን እያነበብን እንቅዳ። ስታነቡ ሠንጠረዥና ሥዕል ሲመጣ ግን አትዝለሉት፤ ምን እንደሚያሳይ በቃል አስረዱ። ጓደኞቻችን አንባቢዎቻቸውን አብዝተው የሚያማርሩት እዚያ ላይ ነው።