ምዕራፍ 7፦ ከሞተሩ በፊት ሮለሩን ይምረጡ

የብስክሌት ዲናሞ አይተው ከሆነ የዚህን ምዕራፍ ጉዳይ ግማሹን ያውቁታል። ዲናሞውን ጎማው እያሻሸ ያዞረዋል፤ መብራት ይበራል። በሰበቃ የሚሠራ ሞተር ይህንኑ ገልብጦ ይሠራል። ሞተሩ ሮለር የሚባለውን አጭር ድቡልቡል ብረት ያዞራል፤ ሮለሩ ጎማውን ተጭኖ ያሽከረክረዋል፤ ብስክሌቱም ይሄዳል። በመካከል ካቴና የለም፤ ቸርኬ መቀየርም አያስፈልግም። ለጀማሪ የሚመቸው በዚህ ቅለቱ ነው።

ዘዴው በዕድሜ የተፈተነ ነው። የፈረንሳዩ ቬሎሶሌክስ እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ ቀርቦ እስከ 1988 ሲመረት፣ ከፊት ጎማው በላይ የተቀመጠች ትንሽ ሞተር ጎማውን በሮለር ትነዳ ነበር። ነጂው ማንሻውን ስቦ ሞተሩን ከጎማው ሲያላቅቅ፣ ብስክሌቱ እንደ ማንኛውም ብስክሌት በፔዳል ይሄዳል። ዛሬ ለሚገዙት ሞተርም የመጀመሪያው መመዘኛ ይኸው ይሁን፦ ቤንዚን ወይም ባትሪ ሲያልቅ በእግርዎ ጉልበት ቤትዎ መግባት መቻል አለብዎት።

ፍጥነትም ጉልበትም ከሮለሩ ነው

ብዙ ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው “ስንት ሲሲ ነው? ስንት ዋት ነው?” ብሎ ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የሮለሩ ውፍረት ስንት ነው? ሮለሩ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው የሚጓዘው የሮለሩን ዙሪያ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማው ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ፍጥነቱን የሚወስኑት የሮለሩ ውፍረትና የሞተሩ ዙር ናቸው።

እናስላው። ዲያሜትሩ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ሮለር ዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ በደቂቃ 700 ሜትር፣ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያው ሞተር በ25 ሚሊ ሜትር ሮለር ከሠራ ፍጥነቱ ወደ 33 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ የሚገፋበት ኃይል ግን ከሩብ በላይ ይጨምራል። መንሸራተት ስለማይቀር በመንገድ ላይ ፍጥነቱ ከዚህ ትንሽ ያንሳል።

ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዳገት የሚበዛበት ሰፈር ለሚኖር ቀጭን ሮለር፣ ሜዳ ላይ ለሚነዳ ወፈር ያለ ይሻላል። ቀጭኑ ግን ጎማውን የሚነካው በጠባብ ቦታ ስለሆነ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ጎማም ይበላል።

ቤንዚን ወይስ ባትሪ?

ከቤንዚኖቹ መካከል በሰፊው የሚታወቀው የሆንዳ ጂኤክስ 35 ነው፤ 35.8 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት፣ ጉልበቱም 1 ኪሎዋት ያህል። ባለ አራት ምት ስለሆነ ዘይትና ቤንዚን መቀላቀል አይጠይቅም፤ ረጅም መንገድም ያስኬዳል። ይሁን እንጂ ቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነው። ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ካታሎጉ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩብ ያህሉ ይጎድላል። የእንጦጦን አቀበት የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ይቀንስ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አይበግረውም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው። እሱን የሚወስነው ባትሪው ነው። ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ያባዙ፦ 36 ቮልት በ10 አምፒር ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ፔዳል እያገዙ በሜዳ ሲነዱ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት ሰዓት ያህል ይያዙ፤ ለዳገት ደግሞ ከዚያ በላይ። በየቀኑ አጭር መንገድ ለሚመላለስና ማታ ባትሪ መሙላት ለሚችል ሰው እኔ የምመርጥለት ይህንን ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎች፣ እንደ ተራ ብስክሌት የሚታየው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን የሚያቆም ነው።

ብስክሌትዎ ዝግጁ ነው?

ጎማው ጥርስ የበዛበት ከሆነ ሮለሩ ይዘላል፣ ይጮኻል፤ ለስላሳና ወፍራም ጎማ ይግጠሙ፣ በደንብም ይንፉት። የተጣመመ ቸርኬ አንዴ ይጫናል፣ አንዴ ይለቃል፤ አስቀድመው ያስተካክሉት። ከኋላ ሞላ ያለው ብስክሌት፣ ሞተሩ ከኋላ ጎማ ጋር አብሮ ካልተንቀሳቀሰ በስተቀር አይሆንም፤ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ከሮለሩ ይርቃልና። በክረምት ውኃና ጭቃ ሰበቃውን ይቀንሱታል፤ ዝናብ ሲጥል በፔዳል ለመንዳት ይዘጋጁ።

ለሻጩ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች

1. ሮለሩ በሁለቱም ጫፍ በኩሽኔታ የተያዘ ነው? በአንድ ጎን ብቻ ከተያዘ ጫናው ሁሉ የሞተሩ ዘንግ ላይ ያርፋል።
2. የተለያየ ውፍረት ያለው ሮለር ለብቻው ይገኛል? ከተገኘ፣ በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ሞተር መቀየር የለብዎትም።
3. ሮለሩ ጎማውን የሚጫንበት ኃይል ይስተካከላል? ሲላላ ይንሸራተታል፤ ሲጠብቅ ጎማ ይጨርሳል።
4. የቤንዚን ከሆነ፣ ብስክሌቱ ሲቆም ሞተሩ ሳይጠፋ የሚያላቅቅ ፍሪሲዮን አለው?
5. መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል?

አምስቱንም በአጥጋቢ መንገድ የሚመልስ መካከለኛ ሞተር፣ ሁለቱን ብቻ ከሚመልስ ጉልበተኛ ሞተር ይበልጣል። ከዋጋው ላይ ግን ለፍሬን የሚሆን ገንዘብ ቀድመው ይለዩ። አብዛኛው የብስክሌት ፍሬን የተሠራው በእግር ጉልበት ለሚደረስበት ፍጥነት ነው፤ ከሞተሩ ጋር አዲስ የፍሬን ጎማና ገመድ አብረው ይግዙ፣ ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊትም ፍሬኑን በቁልቁለት ይፈትኑት።