ካምቢዮና ዘይቱ፦ ስለ ዜድ ኤፍ የተደረገ ምልልስ

ዜድ ኤፍ በደቡብ ጀርመን፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ባለችው በፍሪድሪክስሃፈን ከተማ የሚገኝ የካምቢዮ አምራች ነው። በራሱ ስም የሚሸጥ መኪና የለውም፤ ለቤት መኪና፣ ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ የሚሆኑ ካምቢዮዎችን ለመኪና ፋብሪካዎች ያቀርባል። በዚህም የተነሣ ምርቱን በየቀኑ እየነዳ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። የሚከተለው ምልልስ ዕድሜያቸውን በካምቢዮ ጥገና ባሳለፉት በጋሽ መኩሪያና የመኪና መካኒክነት በሚማረው በዮናስ መካከል የተደረገ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዮናስ፦ ጋሼ፣ ፋብሪካው ከመጀመሪያውም የመኪና ካምቢዮ ነበር የሚሠራው?

ጋሽ መኩሪያ፦ አልነበረም፤ መነሻው አየር ላይ ነው። ካውንት ፈርዲናንድ ፎን ዜፔሊን ግዙፍ የአየር መርከቦች ያሠሩ ነበር። በ1908 ኤል ዜድ 4 የተባለችው መርከባቸው ኤክተርዲንገን በሚባል ቦታ ዐውሎ ነፋስ መታትና ተቃጠለች። ሰውየው አበቃላቸው ሲባል የጀርመን ሕዝብ ከ6 ሚሊዮን ማርክ በላይ አዋጥቶ ሰጣቸው፤ የዜፔሊን ፋውንዴሽንም በዚያ ገንዘብ ተቋቋመ። የአየር መርከብ ሞተር ጉልበቱን ለፕሮፔለሩ የሚያደርሰው በጊር ነው። የዚያ ዘመን ጊር ደግሞ ጥርሱ ልክ አልነበረም፤ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ጉልበት ይበላል። ማክስ ማግ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ የጊር ጥርስን በትክክል ቀርጾ የሚያለሰልስ ዘዴ ነበረው። በ1915 ፋብሪካው የተከፈተው ያንን ዘዴ ይዞ ነው፤ ሥራውን የመራው አልፍሬድ ፎን ሶደን የሚባል መሐንዲስ ነበር።

ዮናስ፦ ወደ መኪና ታዲያ ምን አመጣው?

ጋሽ መኩሪያ፦ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት። የ1919ኙ የቬርሳይ ውል የአየር መርከብ ሥራውን ሲያንቀው ፋብሪካው ፊቱን ወደ መኪና አዞረ። በ1920ዎቹ ሶደን አሽከርካሪው ቀጣዩን ማርሽ አስቀድሞ የሚመርጥበትን ካምቢዮ ሠራ፤ ቀጥሎም ጥርሳቸው ሰያፍ የተቆረጠ፣ ጩኸታቸው የቀነሰ ካምቢዮዎች መጡ። ከዚያ ሁለተኛው ጦርነት መጣ፣ በ1944 ከተማዋ በቦምብ ፈረሰች፣ ፋብሪካው እንደገና ቆመ፣ በ1947 ፋውንዴሽኑ በከተማዋ እጅ ገባ። ይህን ያህል ይበቃል፤ ወደ ካምቢዮው እንግባ።

ዮናስ፦ ከማኑዋሉ እንጀምር?

ጋሽ መኩሪያ፦ ማኑዋሉ አጭር ነው። ፋብሪካው ለቤት መኪና ባለ 4፣ ባለ 5 እና ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮዎች ሠርቷል። ከሁሉ ስሙ የገነነው 5ዲኤስ-25 ነው፤ ሞተራቸው ከአሽከርካሪው ጀርባ ለሚቀመጥ ለፎርድ ጂቲ40ና ለዴ ቶማሶ ፓንቴራ የተገጠመ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሲያሉ በአንድ ቤት የታቀፉበት ነው። ዋናው ታሪክ ግን አውቶማቲኩ ነው። በ1965 3ኤችፒ12 የተባለው ባለ 3 ማርሽ ወጣ። በ1980 4ኤችፒ22 መጣ፤ ቢኤምደብሊው፣ ቮልቮ፣ ፔጆ፣ ጃጓርና ሬንጅ ሮቨር ተጠቅመውበታል። በ1990ዎቹ መግቢያ ባለ 5፣ በ2001 ደግሞ 6ኤችፒ26 ተከተሉ። ይህ የመጨረሻው በቢኤምደብሊው 7 ላይ ሲገጠም በቤት መኪና የመጀመሪያው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ሆነ። ሌፔሌቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ባወጣው የጊር አሰላለፍ ስለተሠራ ማርሽ ጨምሮ ሳለ ከቀዳሚው ባለ 5 ቀለለ። በ2009 8ኤችፒ መጣ።

ዮናስ፦ እነዚህ ቁጥሮችና ፊደሎች ትርጉም አላቸው?

ጋሽ መኩሪያ፦ አላቸው፤ ማንበብ የሚችል መካኒክ ካምቢዮውን ሳይፈታ ግማሹን ያውቃል። 8ኤችፒ70ን ውሰድ። 8 የማርሹ ብዛት ነው። ኤች ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በዘይት፣ ማለትም በቶርክ ኮንቨርተር እንደሚገናኝ ይናገራል። ፒ ፕላኔታሪ ጊር እንዳለው ይናገራል። 70 የጉልበት ደረጃው ነው፤ 700 ኒውተን ሜትር ገደማ። በዚሁ ስሌት 8ኤችፒ45 ለትንንሾቹ ሞተሮች፣ 8ኤችፒ90 ለትልልቆቹ ነው።

ዮናስ፦ ማርሹ እንዲህ መብዛቱ ለምን አስፈለገ?

ጋሽ መኩሪያ፦ ሞተር ነዳጅ ቆጥቦ የሚሠራበት ዙር ጠባብ ነው። ሦስት ረጃጅም እርከን ብቻ ያለው ደረጃ የሚወጣ ሰው በእያንዳንዱ እርከን ያለከልካል፤ እርከኑ ሲበዛና ሲያጥር ትንፋሹ እኩል ይሆናል፤ ሞተርም እንደዚያው ነው። በ8ኤችፒ የመጀመሪያ ማርሽ ላይ ሞተሩ 4.7 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል። በ6ኛው እኩል ይዞራሉ። በ8ኛው ዘንጉ ከሞተሩ ይፈጥናል፤ ረጅም ጎዳና ላይ ሞተሩ የሚያርፈው ያኔ ነው።

ብልሃቱ ግን በማርሹ ብዛት ላይ አይደለም። 8ኤችፒ በውስጡ 4 ፕላኔታሪ ጊሮችና 5 መያዣዎች ብቻ አሉት፤ ከመያዣዎቹ 2ቱ ፍሬኖች፣ 3ቱ ፍሪሲዮኖች ናቸው። የትኛውም ማርሽ ሲገባ 3ቱ ይያዛሉ፣ 2ቱ ብቻ ክፍት ሆነው ይሽከረከራሉ። ክፍት የሆነ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ እየተሽከረከረ ጉልበት ይበላል፤ ስለዚህ ክፍቱ ባነሰ ቁጥር ነዳጅ ይተርፋል። ካምቢዮው ሲወጣ ከባለ 6ቱ ወደ 6 ከመቶ የሚጠጋ ነዳጅ እንደሚቆጥብ ፋብሪካው አስታውቋል። ዛርብሩከን በተባለች የጀርመን ከተማ ባለው ፋብሪካ ይመረታል፤ ክራይስለር ደግሞ ፈቃድ ገዝቶ አሜሪካ ውስጥ ሠርቶታል። ቢኤምደብሊው፣ አውዲ፣ ጃጓር፣ ላንድ ሮቨር፣ ጂፕ፣ ቤንትሌይ፣ ሁሉም ተጠቅመውበታል።

ዮናስ፦ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ይበላሻል? የዘይት ቅያሪ እንኳ የማያስፈልገው ካምቢዮ ነው ይባላል።

ጋሽ መኩሪያ፦ ማን ነው ያለው? ይህን ወሬ ዮናስ ሆይ፣ ከአእምሮህ አውጣው። ብዙ የመኪና አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ የካምቢዮው ዘይት ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው ብለው ጻፉ። ካምቢዮውን የሠራው ዜድ ኤፍ ግን ለጥገና ቤቶች ያወጣው ምክር ሌላ ነው፦ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ወይም ግፋ ቢል በ8 ዓመት ይቀየር ይላል። ዳገት፣ ተጎታች፣ ሙቀትና ጥድፊያ የሚበዛበት መኪና ወደ 80 ሺህ ይጠጋ። ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የትኛውን እንደሚያምን ግልጽ ነው። አዲስ መኪና የሚሸጥ ሰው የጥገና ወጪው በወረቀት ላይ አንሶ እንዲታይ ይፈልጋል፤ መኪናው ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለቤት ሲደርስ ዋስትናው አልቋል፣ ሒሳቡ የሻጩ አይደለም። ያገለገለ መኪና በሚገዛበት አገር ደግሞ ሦስተኛው ባለቤት ማለት ሁሉም ሰው ነው።

ዘይቱ አራት ሥራ አለበት። ጊሩን ያለሰልሳል፣ ሙቀት ያወጣል፣ በግፊቱ ፍሪሲዮኖቹን ይጨምቃል፣ የፍሪሲዮን ሸራዎቹ ሲያያዙ እንዳይንገጫገጩ መያዣቸውን ይቆጣጠራል። ሙቀት ሲደጋገምበት ውስጡ ያሉት ቅመሞች ይደክማሉ። ሸራው እየተፋቀ የሚያወጣው ብናኝ ዘይቱን ያጠቁረዋል። ይህ ጥቁር ዘይት የት ይሄዳል? የዘይቱን መንገድ የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሶሌኖይዶችና ኮምፒውተሩ በአንድ ላይ ተጠቃልለው ሜካትሮኒክ በሚባል ክፍል ውስጥ፣ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ነው የተቀመጡት። የሶሌኖይዱ ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ብናኙ ሲያዘገየው ማርሹ ዘግይቶ ይገባል፣ ይመታል፣ ይንሸራተታል። ባለቤቱ ካምቢዮው ሞተ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሞተው ዘይቱ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላው ወሬ ነው፤ «ዘይቱን ሲቀይሩት ካምቢዮው በሳምንቱ ተበላሸ» የሚለው። በየጋራዡ ይወራል፤ ሰሚው ሁሉ ያምናል። ነገሩ ሲመረመር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ መኪናው ለዘይት ቅያሪ የሚመጣው አስቀድሞ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሸራው አልቋል፣ አዲስ ዘይት ያለቀ ሸራ አይተካም። ሁለተኛው የመካኒኩ ጥፋት ነው። ይህ ካምቢዮ እንደ ሞተር መለኪያ ዘንግ የለውም። አሮጌው ዘይት ከወጣ በኋላ፣ ፕላስቲክ የሆነውና ፊልትሮው አብሮት የተሠራው የዘይት መያዣ እንዳለ በአዲስ ይተካል፤ ፊልትሮውን ብቻ ለይቶ መቀየር አይቻልም። ከዚያ መኪናው ዘንበል ሳይል አግድም ይነሣል፤ ዘይት በጎን ቀዳዳ እስኪፈስ ይሞላል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ፍሬን ተይዞ ማርሹ በየቦታው ይዞራል፤ የዘይቱ ሙቀት በኮምፒውተር ይነበባል፤ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ሳለ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የጎኑ ቀዳዳ እንደገና ተከፍቶ የጎደለው ይጨመራል። ትርፉ በቀጭኑ መንጠባጠብ ሲጀምር ይዘጋል። ሞተሩን አጥፍቶ የለካ ሰው ቶርክ ኮንቨርተሩ የሚይዘውን ዘይት አልቆጠረም፤ ሁለት ሊትርም ሊጎድል ይችላል። ዘይት የጎደለው ፓምፕ አየር ይስባል፣ ግፊት ይወድቃል፣ ሸራ ይቃጠላል፤ መኪናውም በሳምንቱ ይመለሳል። ጥፋቱ ታዲያ የቅያሪው ነው ወይስ የቀያሪው? እንዲህ ባለ ወሬ የተነሣ ስንት ደህና ካምቢዮ በአሮጌ ዘይት እየታሸ ለኦቨርሃውል በቃ! ለኦቨርሃውሉ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ የዘይት ዋጋ ምንም አይደለም።

ዮናስ፦ 9ኤችፒ የሚባል አለ ይባላል፤ ከ8ኤችፒ የተሻለ ነው?

ጋሽ መኩሪያ፦ ሥራው ሌላ ነው። 8ኤችፒ ሞተራቸው ቁመቱን ተከትሎ ለሚተኛ መኪኖች ነው፤ 9ኤችፒ ሞተራቸው አግድም ለሚቀመጥና የፊት ጎማ ለሚጎትታቸው ነው። በ2013 ወጣ፤ ሬንጅ ሮቨር ኢቮክና ጂፕ ቸሮኪ ቀድመው ገጠሙት። ቦታ ለመቆጠብ ከፍሪሲዮን ሸራ ይልቅ ጥርስ ለጥርስ የሚነካከስ መያዣ በሁለት ቦታ ገባበት። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ ማርሽ ሲቀይር ይንገጫገጫል የሚል ቅሬታ መጣና ሶፍትዌሩ ተደጋግሞ ተሻሻለ።

ዮናስ፦ ከባድ መኪናስ ጋሼ?

ጋሽ መኩሪያ፦ እዚያ ላይ ስሙ ኢኮስፕሊት ነው፤ ባለ 16 ማርሽ ማኑዋል። አምቼ የሚባለው መገጣጠሚያ አዲስ አበባ ላይ ከገጣጠማቸው የኢቬኮ መኪኖች ትራከር የሚባለው ላይ ይህ ካምቢዮ ያለበት አለ። 16 ማርሽ ሲባል 16 ጥንድ ጊር እንዳይመስልህ። መሐሉ ላይ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ አለ፤ ከፊቱ እያንዳንዱን ማርሽ ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር አለ፤ ከኋላው ከባድና ቀላል ክልል የሚሰጥ ፕላኔታሪ አለ። 4 በ2፣ እንደገና በ2፣ 16 ሆነ። ሾፌሩ ግማሽ ማርሹን በመቀየሪያው እጀታ ጎን ባለችው ቁልፍ አስቀድሞ ይመርጣል፤ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ሲረግጥ በንፋስ ኃይል ይገባል። በግማሽ የሚረግጥ ሾፌር «ስፕሊተሩ ተበላሽቷል» ብሎ ጋራዥ ይመጣል። ድርብ ኤች የሚባለው የማርሽ አቀማመጥ ካለ ከታችኛው ክልል ወደ ላይኛው ለመሻገር ዘንጉን በመዳፍ ወደ ጎን መታ ማድረግ ይበቃል። እዚህም ንፋሱ ካነሰ ክልሉ አይቀየርም፤ ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት የንፋስ ቱቦው ይታይ።

ከዚያ ኤኤስ ትሮኒክ መጣ። ፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፤ ዋናው ክፍል ሲንክሮናይዘርም የለውም፤ ዙሩን አስተካክሎ ማርሹን የሚያስገባው ኮምፒውተሩ ነው። ተተኪው ትራክሶን ነው፤ ባለ 12ና ባለ 16 ማርሽ አለው። ለከተማ አውቶቡስ ደግሞ ኢኮላይፍ የሚባል ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ አለ፤ ፍሬኑን የሚያግዝ ሪታርደር አብሮት ተሠርቷል።

ዮናስ፦ ኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ይህ ሁሉ ምን ይሆናል?

ጋሽ መኩሪያ፦ ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ ጉልበት ስላለው አብዛኛው መኪና አንድ የማርሽ ደረጃ ይበቃዋል። ፋብሪካው ሞተርና ጊር በአንድ ላይ ያሉበትን የኤሌክትሪክ አክስል ይሠራል፤ 8ኤችፒንም ኤሌክትሪክ ሞተር በውስጡ እያስገባ ለሃይብሪድ ያቀርበዋል። በ2015 ቲአርደብሊው የተባለውን፣ በ2020 ዋብኮ የተባለውን የመኪና ክፍል አምራች የገዛው በካምቢዮ ብቻ እንደማይዘልቅ ስላወቀ ይመስላል። ባለቤትነቱ ግን አልተለወጠም፤ 93.8 ከመቶው በፍሪድሪክስሃፈን ከተማ ሥር ያለው የዜፔሊን ፋውንዴሽን ነው።

ዮናስ፦ ነገ አንድ 8ኤችፒ ዘይት ሊቀየርለት ይመጣል። ከምን ልጀምር?

ጋሽ መኩሪያ፦ ዘይት ከመግዛትህ በፊት ካምቢዮው ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳ በጨርቅ ጠርገህ አንብብ። ሙሉ የሞዴል ስሙና የክፍል ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። የ6ኤችፒ ዘይት ለ8ኤችፒ አይሆንም፤ የ8ኤችፒውም ለ9ኤችፒ አይሆንም። ሻጩ «አንድ ነው» ቢልህ ትተኸው ውጣ።