የተገልጋዩ ቋንቋ በምክር አገልግሎት የድኅረ ምረቃ ሥልጠና፦ ነቀምቴን መነሻ በማድረግ

በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚያገለግለው ሕዝብ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። የአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ልዩነቱ በምክር አገልግሎት ባለሙያዎች ሥልጠና ላይ የሚያስነሣውን ጥያቄ ይመለከታል።

በአፋን ኦሮሞ «ገራ» ሆድ ማለት ነው፤ እንደ አማርኛው «ሆድ» ሁሉ የስሜት ማደሪያም ነው። በግጭት ከቀየው የተፈናቀለ ሰው ሐዘኑን በዚህ ቃል ቢገልጽ፣ ቃሉ ለአካባቢው ሠልጣኝ እንግዳ አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው ንግግሩ በእንግሊዝኛ ሲመዘገብ ነው፤ ሐዘኑ የሆድ ሕመም ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ተቆጣጣሪ መምህሩም በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ምክር ይሰጣል።

ምስጢር መጠበቅም እንዲሁ ነው። በጃርሱማ፣ ማለትም በሽምግልና፣ ባለጉዳዮች በሽማግሌዎች ፊት ተነጋግረው ይታረቃሉ፤ በምክር አገልግሎት ግን ቃሉ በሁለት ሰዎች መካከል ይቀራል። እንደ ጊምቢና ሻምቡ ባሉ፣ ሰው በሚተዋወቅባቸው ከተሞች፣ ሠልጣኙ ይህንን ልዩነትና የምስጢሩን ወሰን አስቀድሞ በተገልጋዩ ቋንቋ ማስረዳት ይኖርበታል።

በአሜሪካ የካውንስሊንግ ሥልጠናዎችን የሚመዝነው ካክሬፕ 100 ሰዓት የመነሻ ልምምድ፣ ቀጥሎም 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይጠይቃል፤ ከ600ው 240ው ለተገልጋይ በቀጥታ አገልግሎት የሚሰጥበት ነው። ለእኛ ሰዓቱን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። የተገልጋዩ ቁልፍ ቃላት እንደተነገሩ በአፋን ኦሮሞ ቢመዘገቡና ክትትሉ በከፊል በዚያው ቋንቋ ቢካሄድ፣ መምህሩ የሚያርመው በእርግጥ የተባለውን ይሆናል።