መምህሩ የማን እንደራሴ ነው?

ወደ ቦንጋ ገበያ የሚወርድ አንድ ገበሬ እናስብ። ጎረቤቶቹ ማራቸውን አስይዘው ይልኩታል። ማሩ የእሱ አይደለም፤ አደራ ነው። ሲመለስ ገንዘቡን ቆጥሮ ያስረክባል። «በስንት ሸጥክ?» ቢሉት አይቆጣም። እንደራሴም እንዲሁ ነው። የያዘው ሥልጣን የሕዝብ አደራ ነው።

አደራ የሚሰጠው በምክር ቤት ብቻ አይደለም፤ በማኅበርም ይሰጣል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. ተቋቋመ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። ደመወዝ እንዲሻሻል ጠየቁ። የድሀውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ያርቃል ያሉትንም አዲስ የትምህርት ዕቅድ ተቃወሙ። መንግሥትም ዕቅዱን ሳይሠራበት አቆየው። ድምፃቸው የተሰማው በማኅበር ስለ ተባበሩ ነው።

ታዲያ የማኅበሩ መሪ ራሱ ምክር ቤት ቢገባስ? ከጎረቤታችን ከኬንያ ምሳሌ እንውሰድ። አቶ ዊልሰን ሶሲዮን መምህር ነበሩ። የኬንያ መምህራን ብሔራዊ ማኅበር ዋና ጸሐፊም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2015 መምህራን ለደመወዝ ጭማሪ ሥራ ሲያቆሙ ከፊት ቆሙ። በ2017 ፓርቲያቸው መርጦ ፓርላማ አስገባቸው። የማኅበሩን ሥራ ግን አልለቀቁም። ያን ጊዜ ክርክር ተነሣ። «አንድ ሰው እንዴት ሁለት አደራ ይሸከማል?» የሚሉ በዙ። በእነዚያ ዓመታት የማኅበሩ አባላት ቁጥር እጅግ ቀነሰ። አቶ ሶሲዮንም በ2021 ከዋና ጸሐፊነት ለቀቁ።

የእኛ ሕግስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ይላል። የሚገዛውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው። ስለዚህ ከቦንጋ የተመረጠ መምህር ስለ መምህራን ደመወዝ ብቻ ተናግሮ ቢቀመጥ ሥራው ጎደሎ ነው። ቡና ለቃሚዋ መንገድ ስትፈልግ፣ የገጠር እናት ሐኪም ስትፈልግ የእነሱም አፍ መሆን አለበት። በማኅበር የተማረው ሰው ሰብስቦ ማዳመጥ እዚህ ይጠቅመዋል።

የምክር ቤቱ ዘመን 5 ዓመት ነው። ሆኖም መራጩ እምነት ካጣበት፣ በሕግ መሠረት ከቦታው ሊያነሣው ይችላል። ማንበብ የቻለ መራጭ ይህን አንቀጽ ራሱ አንብቦ መጠየቅ ይችላል። አደራ የሰጠ ሰው ሒሳብ መጠየቁ ነውር አይደለም።

ጥያቄዎች
1. ማር የተላከበት ገበሬና እንደራሴ በምን ይመሳሰላሉ?
2. መምህራን በ1966 ዓ.ም. የተቃወሙት ምንድን ነው?
3. የማኅበር መሪ የምክር ቤት አባል ሲሆን የማኅበሩን ሥራ መልቀቅ አለበት ትላላችሁ? ተወያዩበት።