ጠጉር አልባው ፍልፈልና የጕድጓዱ መንግሥት

በደጋ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ፍልፈልን ያውቀዋል። በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ የተቈለለ ትኩስ አፈር ሲያይ፥ «ይህ የፍልፈል ሥራ ነው» ይላል እንጂ ሌላ አይጠረጥርም። ያ የደጋው ፍልፈል ጠጉረ ሙሉ ነው፤ ኑሮውም የብቸኛ ነው። እያንዳንዱ በየጕድጓዱ ለብቻው ይኖራል፤ ጐረቤትም አይወድም። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ሌላ እንስሳ ነው። ይህኛው የሚኖረው በቈላ፥ ይኸውም በምሥራቅ ኢትዮጵያ፥ በሶማልያ፥ በጅቡቲና በኬንያ ደረቅ ምድር ነው። ጠጉር ስለሌለው ጠጉር አልባ ፍልፈል ብንለው ይስማማዋል። ከደጋው ፍልፈል ጋር የሚያመሳስለው ቍፋሮው ነው እንጂ የቅርብ ዝምድና የላቸውም። በዘር ቈጠራ ለጃርት የቀረበ ነው። ያ እሾኽ የለበሰ፥ ይህ ራቁቱን የሆነ፥ ዘመዳሞች መሆናቸው ያስገርማል።

ለሳይንስ ዓለም መጀመሪያ ያስታወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሲሆን፥ ዘመኑም በ1842 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። እርሱ የገለጸው እንስሳ የተገኘው ከሸዋ ነበር። እንግዲህ ዛሬ በታላላቅ የምርምር ቤቶች የሚጠናው ይህ ፍጥረት በመዝገብ የገባው በእኛ አገር ስም ነው ማለት ነው። የሰጠውም ስም ሔቴሮሴፋሉስ ግላቤር ይባላል፤ ትርጓሜው «ራሱ ልዩ የሆነ፥ ጠጉር የሌለው» እንደ ማለት ነው።

መልኩ አያምርም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ርዝመቱ የሰው ጣት ያህል፥ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም ነው። ቈዳው ሐመልማላ ሮዝና የተጨማደደ፥ ዓይኑ እንደ ነጥብ ያነሰ ነው። ፈጽሞ ጠጉር የለውም ማለት ግን ስሕተት ነው፤ በገላው ላይ አለፍ አለፍ ብለው የበቀሉ ረጃጅም ጠጉሮች አሉት። በእነዚህ ጠጉሮች የጕድጓዱን ግድግዳ እየዳሰሰ በጨለማ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይሮጣል። አራቱ የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ ናቸው፤ ከንፈሩ ከጥርሶቹ በስተ ኋላ ስለሚገጠም፥ መሬቱን በጥርሱ ሲቈፍር አፈር ወደ አፉ አይገባም። ሁለቱን የታች ጥርሶችም እንደ ጕጠት ለየብቻ ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል።

ይሁን እንጂ ሊቃውንትን ከሁሉ በላይ ያስደነቃቸው ማኅበራዊ ኑሮው ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሪቻርድ አሌክሳንደር የተባለ አሜሪካዊ የነፍሳት ሊቅ እየተዘዋወረ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ንግሥት አላቸው፥ ሠራተኞቻቸውም አይወልዱም፥ ተብሎ በዚያን ጊዜ የሚታወቁት እንደ ንብ፥ ጕንዳንና ምስጥ ያሉት ነፍሳት ብቻ ነበሩ። እርሱ ግን «አጥቢ እንስሳ እንዲህ ያለ ኑሮ ቢኖረው ምን ዓይነት ይሆን ነበር?» ብሎ በሐሳቡ አንድ እንስሳ ሣለ። ከመሬት በታች ይኖራል፤ አገሩ ሞቃትና ደረቅ፥ መሬቱም ጠንካራ ነው፤ የሚበላውም ትልልቅ ሥራሥር ነው አለ። ከአድማጮቹ አንዱ የእንስሳት ሊቅ ይህን ሲሰማ፥ ይህ እኮ በሐሳብ የተሣለ ሳይሆን በአፍሪካ ያለው ጠጉር አልባው ፍልፈል ነው ብሎ ነገረው። ጄኒፈር ጃርቪስ የተባለች ሊቅም እነዚህን እንስሳት ከ1960ዎቹ ጀምራ ታጠና ነበርና፥ በአንድ መንጋ ውስጥ የምትወልደው አንዲት እንስት ብቻ መሆኗን በ1981 አሳተመች። ሳያዩ በማሰብ ብቻ እዚህ መድረስ ለሳይንስ ተማሪ ሁሉ የሚያስቀና ነገር ነው።

መንጋው በአማካይ ከ70 እስከ 80 ይሆናል፤ ከ200 በላይ የሆኑም ተገኝተዋል። ንግሥቲቱ ከአንድ እስከ ሦስት ከሚሆኑ ወንዶች ጋር ትራባለች። እርግዝናዋ 70 ቀን ያህል ነው። በአንድ ጊዜ 11 ወይም 12 መውለድ የተለመደ ሲሆን፥ እስከ 28 የወለደችም ታይታለች። የቀሩት ሁሉ ሠራተኞች ናቸው፤ ይቈፍራሉ፥ ምግብ ይሸከማሉ፥ ግልገሎቹን ያሞቃሉ፥ እባብ ሲገባም ይጋፈጣሉ። ሲቈፍሩ ተሰልፈው ነው፤ የፊተኛው በጥርሱ ይንዳል፥ የኋለኞቹ አፈሩን በእግራቸው እየገፉ ወደ ኋላ ያደርሳሉ፥ መጨረሻ የቆመውም ወደ ውጭ ይረጨዋል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው መሬት የምትተነፍስ ይመስለዋል።

ንግሥቲቱ ንግሥት ሆና አትወለድም። ሠራተኛ የነበረች እንስት አሮጌይቱ ስትሞት ከተቀናቃኞቿ ጋር ተዋግታ፥ አንዳንድ ጊዜም ገድላ፥ ትነግሣለች። ከነገሠች በኋላ የወገቧ አጥንቶች ይረዝማሉ፤ ለብዙ ፅንስ ቦታ የሚሆናትም በዚህ ነው። ሌሎቹ እንስቶች መካን አይደሉም፤ ከእርሷ ቢለዩ ሊወልዱ ይችላሉ፤ በእርሷ ሥር ሳሉ ግን የመውለጃ ክፍላቸው እንደ ልጅነቱ ሳያድግ ይቀራል። በጕድጓዱ ውስጥ እየዞረች ሠራተኞቹን በአፍንጫዋ ትገፋቸዋለች።

ታዲያ ሠራተኛው ይህን ኑሮ ስለ ምን ይታገሠዋል? መልሱ ከመሬቱ ይገኛል። በዚያ አገር ምድሩ በበጋ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፤ መቈፈር የሚቻለው ዝናብ ካራሰው በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ነው። የሚበሉት ሥራሥር ትልቅ ቢሆንም ተራርቆ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፍልፈል ብቻውን ቢቈፍር ሳያገኝ በረኃብ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ሆነው በየአቅጣጫው ሲቈፍሩ ግን አንዱ ያገኘው ለሁሉ ይተርፋል። የአንድ መንጋ መተላለፊያ ተለክቶ ከ3 ኪሎ ሜትር የበለጠበት ጊዜ አለ። ሥሩንም ባገኙ ጊዜ ውስጡን እየበሉ ልጡን ይተዉታል፤ የበሉበትን በአፈር ይደፍኑታል፥ እርሱም መልሶ ያድጋል። ከዚህም በላይ የመንጋው አባሎች የቅርብ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ፥ ሠራተኛው የንግሥቲቱን ልጆች ሲያሳድግ የራሱን ዘር እንደ ማቆየት ይቈጠራል።

እጅግ ብዙ ሆነው በተዘጋ ጕድጓድ ሲተኙ አየሩ ይበላሻል። በ2017 የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ ይህ እንስሳ ኦክሲጅን ፈጽሞ በሌለበት አየር 18 ደቂቃ ቈይቶ ሳይጐዳ ነቅቷል፤ አይጥ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ምስጢሩም፥ ኦክሲጅን ሲጠፋ በማርና በፍራፍሬ ውስጥ በሚገኘው ፍሩክቶስ በተባለው ስኳር የአንጐሉንና የልቡን ሥራ መቀጠሉ ነው። ቈዳው ደግሞ አሲድና የሚጥሚጣ ማቃጠል አይሰማውም።

የሐኪሞችን ዓይን የሳበው ዕድሜው ነው። የቤት አይጥ ከ3 ወይም ከ4 ዓመት አያልፍም፤ እርሱ ግን በሰው እጅ ተይዞ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። የሰው የመሞት ዕድል ከጐልማሳነት በኋላ በየ8 ዓመቱ ያህል እጥፍ ሲሆን፥ ከ3,000 በላይ የሆኑ የእነዚህ ፍልፈሎች መዝገብ በ2018 ሲመረመር፥ እርጅና የሞታቸውን ዕድል ሲያበዛው አልታየም። ነቀርሳም እምብዛም አይዛቸውም። ከቶ አይዛቸውም ይባል ነበር፤ ነገር ግን በ2016 ጥቂት የታመሙ ተገኝተው ያ ቃል ታርሟል።

ሁሉም ከጕድጓዱ ሳይወጣ ይሞታል ማለት አይደለም። በ1996 የታተመ ጥናት እንደሚገልጸው፥ አልፎ አልፎ ከሌሎቹ የወፈረ፥ ሥራ የማይወድ፥ ከንግሥቲቱም ጋር ለመራባት የማይፈልግ ፍልፈል በመንጋው ውስጥ ይገኛል። ይህ እንስሳ መውጫ ባገኘ ጊዜ፥ በገላው ያከማቸውን ስብ ስንቅ አድርጎ የሌላ መንጋ ጓደኛ ፍለጋ በምድር ላይ ይሄዳል።